የላብ ዋጋና ይሉኝታ፦ ወረቀት የሌለውን ወገን ስለሚቀጥር ወገን የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ የተነሣ ክርክር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት የሆኑ አንድ ወገናችን፣ የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ የሥራ ፈቃድ ሲጠባበቅ የነበረን ወጣት በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለስምንት ወር ያህል በወጥ ቤታቸው አሠርተውታል። ወጣቱ በሳምንት 55 ሰዓት ሰሐን ሲያጥብ፣ ሽንኩርት ሲልጥና ወለል ሲወለውል ቆይቷል፤ የሚከፈለው በሰዓት 8 ዶላር፣ ያውም በካሽ ነበር። ፈቃዱ ደርሶት ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደመወዝ፣ ማለትም 880 ዶላር፣ ሳይከፈለው ቀረ። ክርክሩ የተነሣው በዚህ 880 ዶላር ምክንያት ነው።

ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ወጣቱን «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ሲሉ ወቀሱት። ሌሎቹ ባለቤቱን በዝባዥ አሏቸው። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ሁለቱም ሕግ የጣሱ ስለሆኑ ሁለቱም የሚናገሩበት አፍ የላቸውም አለ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «የወገን ገመና በአደባባይ አይነሣም፤ በሉ ተዉት» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኛም ከሌሎቹ ጋር ተውነው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን፤ ከመካከላችን ሒሳቡን ያሰላ አንድም ሰው አልነበረም። በ2024 የኮሎራዶ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን በሰዓት 14.42 ዶላር ነበር። በ8 እና በ14.42 መካከል ያለው ልዩነት በ55 ሰዓትና በ34 ሳምንት ቢባዛ፣ የትርፍ ሰዓት ጭማሪው ሳይታሰብ፣ ከ12,000 ዶላር በላይ ይሆናል። እኛ የተከራከርነው ስለ 880ው ብቻ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግለሰብን ለመክሰስ አይደለም። የምንመረምረው በዚያ ለቅሶ ቤት የተሰነዘሩትንና በየቤታችን ዘወትር የሚሰነዘሩትን መከራከሪያዎች ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሰው የሚቀጥር ሰው በግብረ ገብ ረገድ የሚጠየቀው በምንድን ነው? በመቅጠሩ ነው ወይስ በቀጠረው ሰው ፍርሃት በመጠቀሙ? ቀጣሪው የገዛ ወገን ሲሆንስ ኃላፊነቱ ይቀላል ወይስ ይከብዳል?

፩. የሕጉ ሁለት ፊት

ከወገኖቻችን መካከል የአሜሪካ ሕግ ቀጣሪንና ተቀጣሪን ምን ጊዜም በእኩል ዓይን የሚያይ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። የሕጉ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ተቃራኒውን ነው። በ1952 የወጣው የማካረንና የዋልተር ሕግ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው መደበቅንና ማስጠጋትን ወንጀል አድርጎ ደነገገ፤ ወዲያው ግን እንዲህ ያለውን ሰው መቅጠር እንደ ማስጠጋት አይቆጠርም የሚል ሐረግ አከለበት። በቴክሳስ የእርሻ ባለቤቶች ፍላጎት የገባ ስለሆነ «የቴክሳስ አንቀጽ» የሚል ስም ወጣለት። እንግዲህ ለ34 ዓመታት ያህል መንገደኛን ከቤት አስገብቶ ማሳደር ሲያስከስስ፣ ያንኑ መንገደኛ ቀን ሙሉ በማሳ ላይ አጎንብሶ እንዲውል ማድረግ አያስከስስም ነበር ማለት ነው። ሕጉ ርኅራኄን ከልክሎ ትርፍን ፈቀደ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህ አንቀጽ የተሻረው ፕሬዚዳንት ሬገን በኅዳር 1986 በፈረሙት የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ ነው። ሕጉ በአንድ በኩል ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ አስገኘ፤ በሌላ በኩል ፈቃድ የሌለውን ሰው «እያወቀ» የሚቀጥርን ሁሉ ቅጣት እንዲያገኘው ደነገገ። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው «እያወቀ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቀጣሪው አይ-9 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ እውነተኛ መስሎ የሚታይ ሰነድ አይቶ ፋይል ካደረገ፣ ዐላወቀም ይባላል። በመሆኑም ሕጉ የቀጣሪን ኅሊና አልመረመረም፤ የመረመረው መዝገቡን ነው። አለማወቅ ራሱን የቻለ የሥራ ዘዴ ሆነ።

ውጤቱ በኮሎራዶ ምድር በገሃድ ታይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከዴንቨር በስተሰሜን በምትገኘው በግሪሊ ከተማና በሌሎች አምስት ቦታዎች የስዊፍትን የሥጋ ፋብሪካዎች ከበው በጠቅላላው ወደ 1,300 የሚጠጉ ሠራተኞችን ያዙ። ኩባንያው መንግሥት ያዘጋጀውን የማጣሪያ ዘዴ ከ1997 ጀምሮ ይጠቀም ስለ ነበር አልተከሰሰም። ሠራተኞቹ ታሠሩ፣ ተባረሩ፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የሚቀበላቸው አጡ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ከሶማሊያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ፣ ወረቀት ያላቸው ስደተኞች ገቡ። ሰዎቹ ተለወጡ እንጂ የሥጋው መስመር አልቆመም።

ፍርድ ቤቱም ከዚህ መንፈስ ብዙ አልራቀም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በሆፍማን ፕላስቲክ ጉዳይ በአምስት ለአራት ድምፅ በሰጠው ፍርድ፣ በሠራተኛ ማኅበር እንቅስቃሴ ምክንያት በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረ ሠራተኛ ወረቀት ከሌለው ያልሠራበት ጊዜ ደመወዝ እንዳይከፈለው ወሰነ። ጥፋቱ የቀጣሪው መሆኑ አልተካደም፤ ዋጋውን ግን የከፈለው ሠራተኛው ነው። ኮሎራዶም በ2006 ቀጣሪዎች የእያንዳንዱን አዲስ ሠራተኛ ሁኔታ በ20 ቀን ውስጥ እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ የራሷን ሕግ አውጥታ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2016 ሽራዋለች።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስታውስ እንወዳለን። በታኅሣሥ 1987 የአሜሪካ ምክር ቤት ከኢትዮጵያ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከፖላንድና ከኡጋንዳ የመጡና በጊዜያዊ ከለላ የቆዩ ሰዎች ወረቀት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። በዚያ በር የገቡ ወገኖች ዛሬ ቀጣሪዎች ሆነው ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያውያን ቀጣሪ ታሪክ የሚጀምረው ከተቀጣሪው ታሪክ ነው ለማለት ያህል ነው።

፪. በቀን አንድ ዶላር

ወረቀት የሌለውን ሰው ስለ መቅጠር ስናወሳ ብዙ ጊዜ የሚታየን ትንሽ ምግብ ቤት ወይም የቤት ጽዳት ነው። ነገር ግን በአውሮራ ከተማ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በግል ኩባንያ የሚተዳደር የኢሚግሬሽን እስር ቤት አለ። በዚያ የሚታሰሩት ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ አገር ለመሥራት ፈቃድ የላቸውም፤ ለማንም ቢሠሩ ሕግ እንደ ጣሱ ይቆጠራል። ሆኖም በዚያው ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ፣ ምግብ ሲያበስሉና ሲያጸዱ በቀን አንድ ዶላር ይከፈላቸው ነበር።

በ2014 የቀድሞ እስረኞች እስር ቤቱን በሚያስተዳድረው በጂኦ ግሩፕ ላይ በዴንቨር የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ክሱ ሁለት ዋና ነጥቦች አሉት። አንደኛው፣ እስረኞች የጋራ ክፍሎችን ያለ ክፍያ እንዲያጸዱ፣ እምቢ ካሉ ለብቻ ወደ መታሰር እንደሚሄዱ እየተነገራቸው ተገድደዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በቀን አንድ ዶላር በማሠራት ኩባንያው ያላግባብ በልጽጓል የሚል ነው። ዳኛው ጆን ኬን በ2015 የዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄውን ውድቅ አድርገው እነዚህ ሁለቱ እንዲቀጥሉ ፈቀዱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2018 ጉዳዩ የብዙ ሰዎች የጋራ ክስ ሆኖ እንዲታይ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። ኩባንያው መንግሥት ያዘዘኝን ነው የሠራሁት በማለት ከክሱ ነፃ ለመሆን ተከራክሯል፤ ይህም ክርክር በኅዳር 2025 ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቧል። እዚያም የቀረበው ስለ አንድ ዶላሩ ፍትሐዊነት ሳይሆን ይግባኝ መቼ ሊባል ይችላል በሚለው የሥነ ሥርዓት ነጥብ ላይ ነበር።

«ያላግባብ መበልጸግ» ለኢትዮጵያዊ የሕግ አንባቢ እንግዳ ቃል አይደለም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2162 ላይ፣ በሌላው ሰው ሥራ ወይም ሀብት በቂ ምክንያት ሳይኖረው ጥቅም ያገኘ ሰው ለተጎዳው ወገን እንዲክስ ደንግጓል። ይህ መርሕ ስለ ወረቀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥራው ተሠርቷል ወይ፣ ጥቅሙስ ወደ ማን ሄደ የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያም በፊት ሕገ ኦሪት የምንደኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ መክፈልን ሲያዝ፣ ምንደኛው ወንድም ይሁን መጻተኛ ልዩነት አላደረገም። የለቅሶ ቤቱን ነገር የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

፫. አራት መከራከሪያዎች

ወገን የሆነ ቀጣሪ የሚያቀርባቸው መከራከሪያዎች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የውለታ መከራከሪያ ነው፦ «ባላስጠጋው የት ይወድቅ ነበር?» ይህን ቃል ማቃለል አይገባም። በ1996 የወጣው ሕግ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከማመልከቻው በኋላ 180 ቀን ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ እንዳይሰጠው ከልክሏል። ስድስት ወር ሙሉ ሳይሠራ እንዴት እንደሚበላ ሕጉ አልተናገረም። ይህን ክፍተት የሞላው በአብዛኛው ወገን ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለወጣቱ ያደረጉት በጎ ነገር አለ። ይሁን እንጂ ውለታና ደመወዝ በአንድ መዝገብ አይጻፉም። ውለታ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ደመወዝ ግን የሠራተኛው ሀብት ነው። የሰውየውን ሀብት ይዞ ከዚያው ላይ ቆርሶ መስጠት ውለታ ሊባል አይችልም። ምግብና ማደሪያ ሰጥቼዋለሁ ከተባለም ዋጋው በግልጽ ይጻፍና ይታሰብ፤ ሒሳብ የሚያስፈራው ሰው ውለታውን ይጠራጠራል።

ይህ መከራከሪያ ከየት እንደ መጣ ብናስብ እናፍራለን። ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ ሲወጣ ባለርስቱ ይሰጥ የነበረው መልስ ይኸው ነበር፦ መሬቴን ባልሰጠው ጭሰኛው ይራብ ነበር። ጭሰኛው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ሲያስረክብ፣ በበዓል መማለጃ ይዞ ደጅ ሲጠና፣ ባለርስቱ ራሱን እንደ አሳዳሪ ያይ ነበር። የ1975ቱ አዋጅ ያንን ግንኙነት በሕግ አፈረሰው። በምሁሮቻችን መጽሔቶች ስለ ጭሰኛው ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ጽፈናል። ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ በወጥ ቤት ውስጥ ስላለው ጭሰኛ ግን ያነበብነው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሁለተኛው የስምምነት መከራከሪያ ነው፦ «8 ዶላር ነው አልኩት፤ እሺ አለ።» አሜሪካዊው ፈላስፋ አላን ወርታይመር በ1996 ባሳተመው ስለ ብዝበዛ በሚተነትን መጽሐፉ አንድ ውል ሁለቱንም ወገኖች ጠቅሞና በፈቃድ ተፈጽሞም ብዝበዛ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። ለእኛ ለዚህ ፈላስፋ መጥቀስ ላያስፈልገን ይችላል። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ማባረር ስትጀምር በየአገሩ አደባባይ ወጥተን አልቅሰናል፤ አሠሪ ፓስፖርት የሚይዝበትንና ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ የማይንቀሳቀስበትን የከፋላ ሥርዓት አውግዘናል። እነዚያ እኅቶቻችንም «እሺ» ብለው ነበር የሄዱት። የእነርሱን እሺታ ችግር የወለደው ነው ካልን፣ የአውሮራውን ወጣት እሺታ ነፃ ፈቃድ የምንለው በምን ሚዛን ነው? ፓስፖርቱን የያዘበት ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ፓስፖርቱ ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው የመከራ ትምህርት መከራከሪያ ነው፦ «እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት።» ይህ በመሠረቱ መከራከሪያ ሳይሆን ቁስል ነው። የተበደለ ሰው በደሉን ለተከታዩ እንደ ውርስ የሚያስተላልፍበት ምክንያት አንድ ብቻ ይመስለናል፤ በደል መሆኑን ካመነ የራሱን ወጣትነት እንደ ተዘረፈ ማመን ይኖርበታል። ያ ደግሞ ይከብዳል። «አጠነከረኝ» ማለት ይቀላል።

አራተኛው የሥጋት መከራከሪያ ነው፦ «ብያዝ የምቀጣው እኔ ነኝ፤ የቀነስኩት የሥጋቴን ዋጋ ነው።» ከአራቱ ይበልጥ ብልጠት ያለበት ይህ ነው። ቀጣሪው በእርግጥ ሕግ ጥሷል፤ ለመንግሥት ዕዳ አለበት። ነገር ግን ለመንግሥት ያለበትን ዕዳ ከሠራተኛው ኪስ ሊከፍል አይችልም። ሁለቱ ዕዳዎች ባለቤታቸው የተለያየ ነው። በካንሳስ ሲቲ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ቀጥሮ፣ ደመወዝ ሲጠየቅ ፈቃድ ስለሌላቸው በሕግ የመጠየቅ መብት የላቸውም ብሎ ተከራክሮ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2013 አልተቀበለውም። ሐሳቡ ቀላልና ጠንካራ ነው፦ የ1986ቱ ሕግ አትቅጠር ይላል፤ የ1938ቱ የደመወዝ ሕግ ደግሞ ካሠራህ ክፈል ይላል። ሁለቱ አይጋጩም። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውን የጣሰ ሰው ለመጣሱ ሽልማት ያገኛል።

፬. ሁለት ገመዶች

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም ቀጣሪ ይሆናል። የወገን ቀጣሪን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?

ስለ ስደት ግብረ ገብ የጻፉ የዘመናችን ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ብዙ ቦታ አልሰጡትም። ማይክል ዎልዘር በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ ኅብረተሰብ ሰዎችን ለሥራ አስገብቶ ከዜግነት በር ውጭ ቢያቆማቸው ዜጎቹ በእነርሱ ላይ የጨቋኝ ገዢ ቦታ ይይዛሉ ብሏል። ጆሴፍ ካረንስ በ2013 ባሳተመው የኢሚግሬሽን ግብረ ገብ መጽሐፉ ይበልጥ ተግባራዊ ሐሳብ አቅርቧል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ሲጠይቅ የሚሰጠው መረጃ ወደ ኢሚግሬሽን እንዳይተላለፍ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል የማይታለፍ ግድግዳ ይቁም ይላል። እነዚህን ሐሳቦች እናከብራለን። ሁለቱም ግን ቀጣሪውን አገሬው፣ ሠራተኛውን ባዕድ አድርገው ነው የሚያስቡት። ቀጣሪውም ሠራተኛውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ መስጊድ የሚሰግዱ፣ በአንድ እድር የሚረዳዱ ሲሆኑ ምን እንደሚሆን አላዩም።

ባዕድ ቀጣሪ ወረቀት የሌለውን ሠራተኛ የሚይዝበት ገመድ አንድ ነው፤ የሕግ ፍርሃት ነው። ወገን የሆነ ቀጣሪ የሚይዘው ሁለት ገመድ ነው፤ አንዱ ያው የሕግ ፍርሃት ሲሆን ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ወጣቱ ባለቤቱን «ጋሼ» ብሎ ይጠራቸዋል። ጋሼን ስለ ሰዓት ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው። ቢከሳቸውማ በከተማው ውስጥ የሚያስጠጋው ቤት፣ የሚጠራበት ሠርግ፣ ሲሞትበት የሚያስተዛዝነው ሰው ላይኖር ይችላል። ካረንስ ያሰበው ግድግዳ ከኢሚግሬሽን ፍርሃት ሊጋርደው ይችል ይሆናል፤ ከለቅሶ ቤቱ ዝምታ ግን አይጋርደውም። ስለዚህ የቀረበው ጥያቄ መልስ ግልጽ ይመስለናል። ወገንነት የቀጣሪውን ኃላፊነት አያቀልም። ሁለት ገመድ የያዘ እጅ ከአንድ ገመድ ከያዘው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ሽምግልናችንም ከዚህ ሂስ ውጭ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌ ነገር ያበርዳል፣ ደም ያደርቃል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን በደመወዝ ጉዳይ ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ተወው» ከሚለው ቃል ነው። ባለዕዳው ሳይከፍል ባለገንዘቡ ይቅር እንዲል መለመን ዕርቅ አይባልም፤ በምርቃት የታሸገ ቅሚያ ነው። የጠቀስናቸው የምግብ ቤት ባለቤት በዚያው ዓመት ለማኅበሩ አዳራሽ 5,000 ዶላር ለግሰው በጭብጨባ ተመስግነዋል። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን። ከወጣቱ ላብ የቀረው ገንዘብ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ነቀፌታው ወደ ተመጋቢውም ይደርሳል። ከዴንቨር ወደ አውሮራ የሚወስደውን የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ዮሴሚቲ የተባለውን መንገድ የተሻገረ ሰው የከተማ ወሰን ይሻገራል። በ2024 በዴንቨር ዝቅተኛው ደመወዝ 18.29 ዶላር ሲሆን በአውሮራ የክፍለ ግዛቱ 14.42 ነበር። በሁለቱም ወገን ያሉት ምግብ ቤቶች የሚሻሙት እኛን ነው፤ እኛም በየዓይነቱ በጥቂት ዶላር ሲጨምር ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን። ርካሹ ሰሐን ከየት እንደ ተረከሰ አንጠይቅም።

፭. ንጹሕ እጅ

በለቅሶ ቤቱ ሦስተኛ ሐሳብ እንደ ነበር ጠቅሰናል፦ ሕግ የጣሱ ሁለቱም ናቸው፤ ወረቀት የሌለውን ጭራሽ አለመቅጠር ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ሕግ ማክበር የስደተኛ የመጀመሪያ ግዴታ ነውና። ሕግን ጣሱ የሚል ምክር እኛም አንሰጥም። ሆኖም አለመቅጠር ብቻውን ንጽሕና አይሆንም። ወጣቱን ከደጅ መልሶ፣ ለ180 ቀን ምን እንደሚበላ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ የገባ ሰው እጁን ከሕግ አንጻር አጽድቶ ይሆናል፤ ከወገንነት አንጻር ግን ገና አልጀመረም።

ከዚህም ጋር ወረቀትን ከሰውነት ጋር የማመሳሰል ልማድ አለ፤ «ወረቀት ያለው ሰው የታመነ ነው» ይባላል። ይህ አባባል በአውሮራ ሊነገር አይገባውም ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ በከፍተኛ 15 እስረኞችን ያሠቃይና ይገድል የነበረው ከፈለኝ ዓለሙ፣ በ2004 በሌላ ሰው ስም ስደተኛ ሆኖ ወደዚህ ከገባ በኋላ ዜግነት እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። በ2011 በአካባቢው ባለ ምግብ ቤት ያወቀው የቀድሞ እስረኛ ነው። በ2014 በዴንቨር ፍርድ ቤት 22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ እንደ አጋጣሚ ሆኖ ፍርዱን የሰጡት የአንድ ዶላሩን ክስ የያዙት ዳኛ ኬን ናቸው። ለዓመታት ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ሰሐን የሚያጥበው ወጣት ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት መንግሥት ስለ ሰው የሚያውቀውን ይነግረናል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ አይነግረንም።

ደግሞም ወረቀት ዛሬ ኖሮ ነገ ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው። በታኅሣሥ 2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ እንዲቋረጥ መንግሥት በ2025 መጨረሻ አስታውቋል። ፈቃዱ በአንድ ማስታወቂያ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ትናንት በሙሉ ደመወዝ የሚሠራው ሰው ነገ ሥራው ሊቋረጥበት ይችላል። ትናንት የሠራበት ሰዓት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ያልተሠራ አይሆንም።

፮. ስለ ራሳችን

ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን ብንደብቅ ጽሑፋችን ዋጋ አይኖረውም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሌላ ከተማ የዶክትሬት ተማሪ ሳለን፣ ቪዛችን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ መሥራትን ይከለክል ነበር። ቅዳሜና እሑድ በአንድ ወገናችን ሱቅ ዕቃ እንደረድርና ሒሳብ እንቀበል ነበር። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ እሑድ ማታ ምሳ ዕቃችንን ሞልተው ይሰጡን ነበር። የሦስት ሳምንት ክፍያ ሲጠራቀም አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍረን ጠየቅናቸው። አልተቆጡም። ፈገግ ብለው «ለመሆኑ የወረቀትህ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉን። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቅንም። ያ ጥያቄ ማስፈራሪያ ይሁን ከልብ የመነጨ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለየንም፤ ልዩነቱም ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የእኒያን ሰው ደግነት ለሌሎች ስንተርክ ኖረናል። የቀረብንን የሦስት ሳምንት ደመወዝ ግን ስንተርክ አንጠቅሰውም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮችን ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ውለታን ውለታ፣ ብድርን ብድር፣ ደመወዝን ደመወዝ እንበል። 180 ቀን የሚጠብቅን ሰው ለመደገፍ የሚሻ ማኅበር እቁብና እድር ያስተማሩንን ዘዴ ተጠቅሞ ገንዘብ ሊያዋጣ፣ ማደሪያ ሊሰጥ፣ ያለ ወለድ ሊያበድር ይችላል። ይህ ሕግ አይጥስም፤ ፈቃዱ ሲደርሰው ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ ሥራው አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ በሕጉ መጠን ይከፈል። ማኅበሮቻችንም ለአዲስ ገቢዎች ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ፦ የኮሎራዶ የሥራ መሥሪያ ቤት የደመወዝ አቤቱታ ሲቀበል ስለ ወረቀት ሁኔታ ልዩነት አያደርግም፤ ገንዘብ ለማስቀረት ብሎ ለኢሚግሬሽን እነግርብሃለሁ ማለትም በክፍለ ግዛቱ ሕግ ወንጀል ነው። ሠራተኛው ቀንና ሰዓቱን በደብተር ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችን በደመወዝ ጉዳይ ሲቀመጡ ከ«ተወው» በፊት ሒሳቡን ይጠይቁ። ስንት ሰዓት፣ በስንት ዋጋ፣ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ? ይቅርታ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ያምርበታል።

ሐሳባችን ጉድለት ሊኖረው ይችላል፤ ከቀጣሪዎችም ከሠራተኞችም ተቃውሞ ቢቀርብበት ደስ ይለናል። ይህን ጽሑፍ እስከ ጨረስንበት ቀን ድረስ ወጣቱ 880 ዶላሩን አላገኘም። ባለቤቱን በየለቅሶውና በየሠርጉ እናገኛቸዋለን፤ እንደ ወትሮው በአክብሮት ተነሥተን ቦታ እንለቅላቸዋለን። ወጣቱን ግን ከዚያ ወዲህ በአንዱም ቦታ አላየነውም።